ስም ያወጣው ጠጠር

በእንግሊዙ ንጉሥ በዳግማዊ ቻርልስ ቤተ መንግሥት የመጠጥ መዝገብ ውስጥ፣ በ1660 የተጻፈ አንድ ነገር አለ። ለንጉሡ እንግዶች 169 ጠርሙስ ወይን ቀርቧል ይላል። እስከዚህ ምንም የሚገርም የለውም፤ ንጉሥ ነው፣ እንግዳ አለው፣ ይጠጣል። የሚገርመው ወይኑ ስም ያለው መሆኑ ነው። ጸሐፊው «የፈረንሳይ ወይን» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። እሱ ግን «ሆብሪዮኖ» ብሎ ጻፈ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በኤፕሪል 10 ቀን 1663፣ ሳሙኤል ፒፕስ የሚባል የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ባለሥልጣን ለንደን ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ገባ። ይሄ ሰውዬ የበላውንም የጠጣውንም፣ ከሚስቱ ጋር የተጣላውንም ሳይቀር በየቀኑ ማስታወሻ ላይ የሚያሰፍር ሰው ነው። የዚያን ቀን ከዚህ በፊት ቀምሶት የማያውቅ፣ ጥሩና ልዩ ጣዕም ያለው የፈረንሳይ ወይን እንደጠጣ ጻፈ። ስሙን «ሆ ብራያን» አለው፤ ቁርጥ የአየርላንድ ሰው ስም አስመሰለው። ሁለቱም፣ የንጉሡ ጸሐፊም ፒፕስም፣ የጻፉት ስለ አንድ ቦታ ነው። ስሙ ኦ ብሪዮን ይባላል፤ ከቦርዶ ከተማ ዳር፣ ፔሳክ በሚባል ሰፈር ያለ፣ ዛሬ ስፋቱ ወደ 50 ሄክታር የሚጠጋ ጠጠራማ መሬት ነው።

ታዲያ አንድ ወይን ስም ስላለው ምን ይደንቃል? ዛሬ ሱፐርማርኬት ገብተን ሌብል ላይ የምናነበው ሁሉ ስም አይደል? ነገሩ እንዲገባን ከዚያ በፊት ወይን እንዴት ይሸጥ እንደነበር ማየት አለብን።

በ1152 የአኪቴን ወራሽ ኤሌኖር ሄንሪ ፕላንታጀኔትን አገባች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሄንሪ የእንግሊዝ ንጉሥ ሲሆን ቦርዶና አካባቢው በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ገባ፤ እዚያም 300 ዓመት ያህል ቆየ። በ1453 ፈረንሳዮች ካስቲዮን ላይ አሸንፈው ግዛቱን እስኪወስዱ ድረስ በየዓመቱ በመከር ወራት መርከቦች እየተከታተሉ ወደ ቦርዶ ይመጣሉ፣ ወይን ይጭናሉ፣ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። የመርከብ አቅም በ«ቶን» መለካት የመጣው እንኳ ስንት ትልልቅ የወይን በርሜል ትይዛለች ከሚለው ስሌት ነው። ወይኑ ቀለሙ ሳሳ ያለ፣ ቶሎ የሚጠጣ ነበር፤ እንግሊዞች «ክላሬት» ይሉታል። በርሜል ውስጥ ዓመት ከቆየ እየኮመጠጠ ስለሚሄድ፣ የዘንድሮው ሲመጣ የአምናው ዋጋ ዘጭ ይላል። ዛሬ «አሮጌ ወይን» ሲባል ውድ ማለት ነው ብለን እናስባለን፤ ያኔ አሮጌ ማለት የተበላሸ ማለት ነበር።

እንዲህ ዓይነት ወይን ስም አያስፈልገውም። ነጋዴው ከዚህም ከዚያም ሰብስቦ፣ ቀላቅሎ ይሸጠዋል። እኛ አገር ጠጅ ስንጠጣ ቢያንስ «የእከሊት ቤት ጠጅ» እንላለን፤ ጠጁ በጣይዋ ይታወቃል። የቦርዶ ወይን ግን በጣይውም በመሬቱም አይታወቅም ነበር፤ የሚታወቀው በወደቡ ብቻ ነው።

ይሄን የለወጠው አንድ ቤተሰብ ነው። ፖንታኮች ከንግድ ተነስተው በቦርዶ ፍርድ ቤት ሹመት የያዙ ሰዎች ናቸው (ያኔ እዚያ «ፓርላማ» የሚባለው የሕግ አውጪ ምክር ቤት ሳይሆን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው)። ዣን ደ ፖንታክ በ1525 ሲያገባ ሚስቱ ከቤተሰቧ ይዛ የመጣችው ንብረት እዚህ አካባቢ መሬት ነበረበት። በ1533 የርስቱን ቤት ጨምሮ ገዛው፤ በ1549 ዛሬ ሌብሉ ላይ የምናየውን ቤት ማሠራት ጀመረ። ሰውየው ሦስት ጊዜ አግብቶ፣ 15 ልጆች ወልዶ፣ 101 ዓመት ኖረ ይባላል። ወይኑ ይሁን ዘሩ፣ ብቻ የሆነ ነገር ተስማምቶታል። የቦታው ስም ግን ከእሱም ይቀድማል፤ በጃንዋሪ 1521 በተጻፈ ውል ላይ የኦ ብሪዮን ወይን በስሙ ተጠቅሷል። ስሙን ያወጡት ፖንታኮች አይደሉም። ስሙን ገንዘብ ያደረጉት ግን እነሱ ናቸው።

ዋናው ሰው ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣው አርኖ ደ ፖንታክ ነው፤ የቦርዶ ፓርላማ ፕሬዚዳንት። ወይኑን ከነጋዴ ድብልቅ ውስጥ አወጣው፤ በቦታው ስም ለብቻው ሸጠው። በ1666 ለንደን በእሳት ስትጋይ አርኖ ዕድል ታየው። ልጁን ፍራንሷ ኦጉስትን ወደዚያ ላከና ከተማዋ እንደገና ስትሠራ መጠጥ ቤት አስከፈተው። ስሙ «የፖንታክ ራስ» ነበር፤ በር ላይ የተሰቀለው ምልክትም የአባትየው ፊት። ምግቡ የፈረንሳይ፣ ወይኑ የቤቱ። የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ማኅበር፣ ሮያል ሶሳይቲ፣ ዓመታዊ እራቱን እስከ 1746 እዚያ ይበላ ነበር። ደራሲው ጆናታን ስዊፍት በ1711 ገብቶ ሲመገብ ባለቤቱ ወይኑን ከሌላው ቤት አርክሶ እንደሚሸጥ፣ 7 ሺሊንግ ብቻ እንደሚያስከፍል በኩራት ነገረው። ስዊፍት በደብዳቤው ላይ ይሄን እያሾፈ ነው የጻፈው። ሌላ ጥሩ ወይን በ2 ሺሊንግ ይገኝ ነበራ!

ዛሬ «ብራንዲንግ» የሚባለው ነገር በሙሉ እዚህ አለ፦ ስም፣ ምልክት፣ የራስ ሱቅ፣ የታዋቂ ደንበኞች ዝርዝር፣ የተጋነነ ዋጋ። የ17ኛው መቶ ዘመን ዳኛ ማርኬቲንግ ማንም አላስተማረውም።

* * *

ዋጋው ሲሰቀል ሰዎች ቦታውን ማየት ፈለጉ። በሜይ 1677 ፈላስፋው ጆን ሎክ ኦ ብሪዮን ድረስ ሄደ። ሎክን ብዙዎቻችሁ በፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ታውቁታላችሁ፤ መሬት የሰው ንብረት የሚሆነው ሰው ድካሙን ሲቀላቅልበት ነው ያለው ሰውዬ ነው። ኦ ብሪዮን ላይ ያየው ነገር አላሳመነውም። አፈሩ ነጭ አሸዋ፣ ትንሽ ጠጠር የተቀላቀለበት፤ ምንም የሚያበቅል አይመስልም ብሎ ጻፈ። ይባስ ብሎ ነጋዴዎቹ አንድ ነገር ነገሩት፦ ከፖንታክ እርሻ አጠገብ፣ በመሐል ቦይ ብቻ ያለበት የጎረቤት እርሻ፣ አፈሩ ሲታይ ቁርጥ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ ወይኑ ግን በምንም አይደርስበትም። ሎክ ዋጋው ለምን እንደወጣም አልጠፋውም፤ ሀብታም እንግሊዞች በማንኛውም ዋጋ ላኩልኝ እያሉ ስለሚያዝዙ ነው።

ስለ አፈሩ በኋላ ዘመን የታወቀው ይሄ ነው። የአካባቢው ስም «ግራቭ» ራሱ በፈረንሳይኛ ጠጠር ማለት ነው። ጠጠሩን ወንዝ ነው ከጥንት ጀምሮ ያመጣው። ውሃ አይቋጥርም፤ ስለዚህ የወይኑ ሥር ወደ ታች ይወርዳል። ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል፤ ፍሬው በደንብ ይበስላል። ለእህል የማይሆን መሬት ለወይን ጥሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ግን ቦዩስ? ቦዩን ስታስቡት ግማሹ ልዩነት ጠጠር ውስጥ፣ ግማሹ ደግሞ ስም ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ስም ያለው ሰው ዋጋው ስለሚያወጣለት የተበላሸውን ፍሬ ይጥላል፣ አዲስ በርሜል ይገዛል፣ ይጠብቃል። ጎረቤቱ ይሄን ማድረግ አይችልም። ከዚያ ወይኑ በእውነትም ያንሳል። ስም ጥራትን ይወልዳል፣ ጥራት ደግሞ ስምን።

ሎክ በሚቀጥለው ዓመት በሴፕቴምበር ወደዚያው አካባቢ ሲመለስ ያነጋገራት ሴት አለች። ባሏ በእርሻ ላይ ቀን የሚሠራ ገበሬ ነው፤ ሦስት ልጆች አላቸው። ባልየው በቀን 7 ሱ ያገኛል፣ ምግቡን ከዚያው ችሎ። እሷ ሥራ ካገኘች 3 ወይም ሦስት ተኩል ሱ። አምስት አፍ በዚህ ይኖራል። የሚበሉት የአጃ ዳቦ፣ የሚጠጡት ውሃ ነው። ሥጋ ድስታቸውን ብዙም አያውቀውም፤ አልፎ አልፎ ከገበያ የከብት ሆድ ዕቃ ይገዛሉ። ሎክ ጨምሮ የጻፈው ደግሞ ይብሳል፦ የግራቭ ገበሬዎች ከሌላው የፈረንሳይ ገበሬ ይልቅ የተሻለ ኑሮ አላቸው የሚባሉት ናቸው። የሴትየዋን ስም አልጻፈውም። የደሃ ገበሬ ሚስት ናት፤ በቃ። ወይኑ ከባሕር ማዶ በስሙ በሚጠራበት ዘመን ውሃ ይጠጡ የነበሩት እዚያው የወይን አገር ውስጥ የሚኖሩት ናቸው።

* * *

ከዚህ በኋላ ወይኑ ራሱ ተለወጠ። ሆላንዶች ባዶ በርሜል ውስጥ ድኝ የተነከረ ክር ማቃጠል አስተማሩ፤ ጭሱ በርሜሉን ያጸዳል፣ ወይኑ ቶሎ አይኮመጥጥም። በርሜሉ ሲጎድል መሙላት፣ ወይኑን ከአተላው ላይ ቀስ አድርጎ ወደ ሌላ በርሜል መገልበጥ ተለመደ። እንግሊዞች በድንጋይ ከሰል እሳት ወፍራምና ጠንካራ ጠርሙስ መሥራት ቻሉ፤ ቡሽ መጣ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ዓመት የማይቆየው ሳሳ ያለ መጠጥ ጠቆር ብሎ፣ ጠንክሮ፣ ዓመታትን የሚሻገር ሆነ። ለንደኖች «አዲሱ የፈረንሳይ ክላሬት» አሉት።

ጦርነትም አላቆመውም። ፈረንሳይና እንግሊዝ ሲዋጉ ቀረጡ ሰማይ ነካ፤ በ1703 እንግሊዝ ከፖርቱጋል ጋር ተዋውላ የፖርቱጋልን ወይን በአነስተኛ ቀረጥ ማስገባት ጀመረች። ተራው የቦርዶ ወይን እዚህ ላይ ከገበያ ወጣ። ስም ያለው ግን ቀረጡን ከፍሎም ያተርፋል። በ1705 «ለንደን ጋዜት» ላይ በባሕር ላይ ከተማረኩ መርከቦች የተገኘ የኦ ብሪዮንና የፖንታክ ወይን በጨረታ እንደሚሸጥ ማስታወቂያ ወጣ። በ1707 ደግሞ የጎረቤት አውራጃው የሜዶክ ስሞች፣ ላፊት፣ ማርጎ፣ ላቱር፣ በተሳሳተ ፊደል ተጽፈው ብቅ አሉ። ሜዶኮች የፖንታክን ዘዴ ተማሩ ማለት ነው። በ1709 አስፈሪ ውርጭ ወይኑን ገደለው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም እንደ እብድ ይተክል ጀመር። መንግሥት እህል እንዳይጠፋ ፈርቶ በ1725 አዲስ ተክል ከለከለ። ይሄን ከተቃወሙት መካከል የወይን እርሻ የነበረው ሞንቴስክዩ ይገኝበታል። አዎ፣ ስለ ሥልጣን ክፍፍል የጻፈው ሞንቴስክዩ። ከፈላስፋዎቹ ወይን ያልነካው ማን እንደሆነ እንጃ።

18ኛው መቶ ዘመን የቦርዶ የወርቅ ዘመን ነው ይላሉ የጉብኝት መጻሕፍት። በጋሮን ወንዝ ዳር የተደረደሩት ያማሩ የድንጋይ ቤቶች የዚያን ጊዜ ናቸው። ወርቁ ግን ከወይን ብቻ አልመጣም። መርከቦቹ ወይንና ዱቄት ጭነው ወደ ካሪቢያን ደሴቶች፣ በተለይም ዛሬ ሄይቲ ወደምንላት ሳን ዶሜንግ ይሄዳሉ፤ ስኳር፣ ቡናና ኢንዲጎ ጭነው ይመለሳሉ። ሌሎቹ ደግሞ በአፍሪካ ዳርቻ በኩል አልፈው ሰው ጭነው ይሻገራሉ። የቦርዶ መርከቦች በዚህ መንገድ ከ120,000 እስከ 150,000 የሚሆኑ አፍሪካውያንን አጓጉዘዋል።

እስቲ ቡናው ላይ ቆም እንበል። ከኢትዮጵያ ጫካ የወጣው ቡና የመን ገባ፣ ከየመን በሆላንዶች እጅ ጃቫ፣ ከጃቫ አምስተርዳም። በ1714 አንድ ችግኝ ለፈረንሳዩ ንጉሥ በስጦታ ተሰጠ፤ ከፓሪስ የንጉሡ የአትክልት ስፍራ ዘሩ ወደ ካሪቢያን ተሻገረ። በ1780ዎቹ መጨረሻ ሳን ዶሜንግ ብቻዋን የዓለምን ቡና ግማሽ ያህል ታመርት ነበር፤ በባርነት በተያዙ ሰዎች ጉልበት። የቦርዶ ነጋዴ እራት ላይ ቀይ ወይን፣ ከእራት በኋላ ቡና ነበረው። ወይኑ የመጣበትን ቦታ ስም ይዞ ነው የቀረበው። ቡናው የመጣበት ጫካ ስም አልነበረውም።

ወደዚያች ደሴት ከተወሰዱት ውስጥ አንዷ በ1765 አካባቢ በምሥራቅ አፍሪካ ነው የተወለደችው፤ በብዛት የሚነገረው ታሪኳ ኢትዮጵያ ነው ይላል። በፈረንሳይኛ ጆሮ ተሰምቶ የተጻፈው ስሟ «አል ፑዌሲ» ነው። በልጅነቷ ተማርካ ተሸጠች። ፒየርና ፍራንሷ ቴስታስ የሚባሉ የቦርዶ ነጋዴ ወንድማማቾች ገዟት፤ ሳን ዶሜንግ ውስጥ ዠሬሚ አጠገብ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ነበራቸው። ስሟን ቀይረው ማርት አደላይድ ሞደስት አሏት፤ የጌቶቿን ስም ጨምራ ሞደስት ቴስታስ ሆነች። «ሞደስት» በፈረንሳይኛ ትሑት፣ ጭምት ማለት ነው። ለተገዛች ልጅ የወጣ ስም መሆኑን አስቡት። ከፍራንሷ ልጆች ወለደች፤ በ1795 ሲሞት በኑዛዜው ነጻ ወጣች፤ እንደ እሷው በባርነት የኖረ ጆሴፍ ሌስፔራንስ የሚባል ሰው አገባች። በ1870 ሞተች፤ 105 ዓመቷ ነበር። የልጅ ልጇ ፍራንሷ ዴኒስ ሌዢቲም በ1888 የሄይቲ ፕሬዚዳንት ሆነ።

ቦርዶ ይሄን ታሪክ ለረጅም ጊዜ አላወራችውም። በሜይ 10 ቀን 2019 ከወንዙ ዳር፣ በርሜል ይጫንባቸው ከነበሩት የወደብ ዳርቻዎች በአንዱ ላይ፣ የሞደስት ሐውልት ቆመ። የቀረጸው ውድሊ ካይሚት የተባለ ሄይቲያዊ ነው። ጽሑፉ ላይ አል ፑዌሲም አለ።

* * *

ወደ እርሻው ስንመለስ፣ አብዮቱን በአጭሩ። በ1787 በፓሪስ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ቶማስ ጄፈርሰን ቦርዶ ድረስ ሄዶ ኦ ብሪዮንን ጎበኘ፣ አፈሩን መዘገበ፣ አራቱን ምርጥ ወይኖች በዝርዝር ጻፈ፦ ማርጎ፣ ላቱር፣ ኦ ብሪዮን፣ ላፊት። ሰባት ዓመት ቆይቶ የኦ ብሪዮን ባለቤት ጆሴፍ ደ ፉሜል በጊሎቲን አንገቱ ተቆረጠ። ከ1801 እስከ 1804 እርሻው የናፖሊዮን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የታሌራን ነበር። በ1836 ላሪዩ የተባለ ቤተሰብ በጨረታ ገዛው። ባለቤት ይቀያየራል፤ ስሙ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተቀየረም።

ከዚያ 1855 መጣ። ሦስተኛው ናፖሊዮን ፓሪስ ላይ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ፤ የቦርዶ ንግድ ምክር ቤት የወይን ደላሎችን ደረጃ አውጡልን አላቸው። ደላሎቹ ቁጭ ብለው አልቀመሱም። የዋጋ መዝገባቸውን ገለጡ፤ ለብዙ ዓመት በውድ የተሸጠው አንደኛ፣ ከእሱ የረከሰው ሁለተኛ፣ እያሉ እስከ አምስተኛ ደረጃ ደረደሩ። ኤፕሪል 18 ዝርዝሩ ተጻፈ፤ 60 የማይሞላ የቀይ ወይን እርሻ። አንደኛ የወጡት አራት ናቸው፤ ጄፈርሰን ከ68 ዓመት በፊት የጻፋቸው እነዚያው አራቱ። ሌሎቹ ሁሉ ከሜዶክ ሲሆኑ ከግራቭ የገባው ኦ ብሪዮን ብቻ ነው፤ እሱን አስቀርቶ ዝርዝር ማውጣት የሚያስቅ ይሆን ነበር።

ለአንድ ኤግዚቢሽን የወጣ ወረቀት ነው እንግዲህ። ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። ሙቶን የተባለው እርሻ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ተመደበ፤ ባለቤቱ ባሮን ፊሊፕ ደ ሮትሺልድ ለአሥርታት ሲወተውት ኖሮ በ1973 የግብርና ሚኒስትሩ ፊርማ ወደ አንደኛ አወጣው። ሚኒስትሩ ዣክ ሺራክ ነበር፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው። በ170 ዓመት ውስጥ ከደረጃ ወደ ደረጃ ከፍ ያለው እሱ ብቻ ነው። መሬት ተሸጧል፣ ተከፋፍሏል፣ ባለሙያ መጥቷል፣ ሄዷል፤ ደረጃው የተለጠፈው ግን ስሙ ላይ ነው። የእኔ ግምት ፖንታክ ይሄን ቢያይ አይደነቅም ነበር።

መሬቱስ በእርግጥ ያው ነው? በ1860ዎቹ ፊሎክሴራ የተባለ ሥር የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት ከአሜሪካ መጥቶ የፈረንሳይን ወይን ጨረሰው። መድኃኒቱም ከአሜሪካ መጣ፦ ነፍሳቱን የሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ ማጣበቅ። ዛሬ የቦርዶ ወይን አብዛኛው ከመሬት በላይ ፈረንሳዊ፣ ከመሬት በታች አሜሪካዊ ነው። ኦ ብሪዮን ደግሞ በ1935 ባለቤቱም አሜሪካዊ ሆነ። የኒውዮርኩ የባንክ ሰው ክላረንስ ዲሎን ገዛው። ዲሎን ሲወለድ ስሙ ላፖውስኪ ነበር፤ አባቱ ከፖላንድ የመጣ አይሁዳዊ ስደተኛ ነው፣ የቤተሰቡን ስም ኋላ ላይ ቀየረ። ስሙን የቀየረ ቤተሰብ ስሙ የማይቀየር መሬት ገዛ። ዛሬም እርሻው በዘሮቹ እጅ ነው፤ የሚመራው የልጅ ልጁ ልጅ፣ የሉክሰምበርጉ ልዑል ሮበርት ነው።

ወይኑን የሠሩት ግን ሌሎች ናቸው። ከ1923 ጀምሮ ደልማ የተባለ ቤተሰብ፣ አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ የእርሻው ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል። በ1961 ከታላላቆቹ እርሻዎች ሁሉ ቀድመው የእንጨቱን መጥመቂያ አውጥተው በማይዝግ ብረት የተኩት እነሱ ናቸው፤ ያኔ ብዙ ሰው የወተት ፋብሪካ መስሎት ነበር ቢባል አይገርመኝም። በ1983 ደግሞ ዲሎኖች ከመንገዱ ማዶ ያለውን የዘመናት ተፎካካሪ፣ ላ ሚሲዮን ኦ ብሪዮንን፣ ገዙ። ያም ሆኖ ሁለቱን ወይኖች አልቀላቀሏቸውም። ባለቤቱ አንድ፣ ጠጠሩ አንድ ዓይነት፣ በመሐል አንድ መንገድ፤ ስሙ ሁለት፣ ዋጋውም ሁለት። ዙሪያውን ከተማው ውጦታል። የፔሳክ ቤቶችና መንገዶች እርሻውን ከበውት፣ ወይኑ በመሐል እንደ ደሴት ቀርቷል።

የቦርዶ ወይን ወደ እኛ የመጣበት መንገድ ደግሞ በሌላ በር ነው። በ1949 ከስፔን የመጡ የእርሻ ሠራተኞች ልጆች የሆኑ ዘጠኝ ወንድማማቾችና እህትማማቾች ቦርዶ ላይ የወይን ንግድ ከፈቱ። ስማቸው ካስቴል ነው። ደረጃ ውስጥ የገባ ርስት አልወረሱም፤ ርካሽ የማዕድ ወይን በጠርሙስ እየሞሉ ሸጡ፣ ወደ አፍሪካም ላኩ፣ ቢራ ጨመሩ። በ1998 የጊዮርጊስ ቢራን የገዙት እነሱ ናቸው። ከ2007 ወዲህ ደግሞ ዝዋይ ሐይቅ አካባቢ፣ አሸዋማ መሬት ላይ፣ ሜርሎ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሲራና ሻርዶኔ ተከሉ። ሜርሎና ካበርኔ ኦ ብሪዮን ላይ የሚበቅሉት እነዚያው ዝርያዎች ናቸው። እዚህም ቦይ ተቆፈረ፤ ሁለት ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ እርሻውን የሚዞር። የዝዋዩ ቦይ ግን ውድ ወይንን ከርካሽ አይለይም፤ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች በ2014 ወጡ። መቼም ስም ያስፈልጋቸዋል። አንዱ «ሪፍት ቫሊ»፣ ሌላው «አካሺያ» ተባለ። ከተማዋ ዝዋይ የሚል ስም አላት፣ ባቱ የሚልም ስም አላት። ከሁለቱ አንዱም የወይኑ ስም አልሆነም።